ከሲንቄ እስከ ቱታ፦ በአርሲ ደጋ የአለባበስ ምልክትና የመልበስ መብት

ልብስ ከብርድ ለመዳንና ገላን ለመሸፈን ብቻ የሚለበስ አለመሆኑን ሁሉም ሰው ያውቃል። ይሁን እንጂ ልብስ፣ የጠጉር አሠራር፣ ጌጥና በእጅ የሚያዝ ነገር አንድ ላይ ተሰባስበው ስለ ለባሹ ማንነት የሚናገሩበት መንገድ ራሱን የቻለ የጥናት ጉዳይ ከሆነ ገና ብዙ ዘመን አላስቆጠረም። የማኅበረሰብ አጥኚዎች ይህን የምልክቶች ስብስብ «ስልት» ይሉታል፤ በሰፊው ኅብረተሰብ ውስጥ እየኖሩ በስልታቸው ከእርሱ የሚለዩትንና በዚያው ስልት እርስ በርስ የሚተዋወቁትን ሰዎች ደግሞ «ንዑስ ባህል» በሚል ስያሜ ይጠሯቸዋል። እንግሊዛዊው ዲክ ሄብዲጅ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የለንደን ፓንኮች መርፌ ቁልፍን ከልብስ ማያያዣነት አውጥተው የፊት ጌጥ እንዳደረጉት ሁሉ፣ ንዑስ ባህሎች ተራ ዕቃዎችን ከቦታቸው አንሥተው አዲስ ትርጉም እንደሚሰጧቸው፣ ገበያው ደግሞ ውሎ አድሮ ያንኑ ትርጉም መልሶ ዕቃ አድርጎ እንደሚሸጠው አሳይቷል። ከእርሱ በኋላ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የሚጀምረው ከ1950ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች ነው፤ ከዚያ በስኩተር የሚሄዱትን ሞዶችና በ1976 ብቅ ያሉትን ፓንኮች አልፎ ወደ ኢንተርኔት ይሻገራል።

የዚህ አተራረክ ችግር ንዑስ ባህል የተወለደባቸውን ከተሞች ማጥበቡ ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስተው ስልትን ሁልጊዜ ከምርጫ መጀመሩ ነው፤ አንድ ወጣት መስታወት ፊት ቆሞ መሆን የሚፈልገውን ይወስናል፣ ልብሱም ውሳኔውን ይገልጻል ተብሎ ይታሰባል። የአርሲ ደጋ ታሪክ ግን ከሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ምልክቱን ማን ሊያደርገው ይገባዋል፣ ያደረገው ሰውስ በምላሹ ምን ያገኛል፣ ምንስ ይገደዳል የሚለው ነው።

አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በጭላሎ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ በቆጂን ይዞ የሚዘረጋው ደጋ የስንዴ፣ የገብስ፣ የከብትና የፈረስ አገር ሲሆን፣ ብርዱ ወፍራም ቡሉኮ የሚያስደርብ ነው። የአካባቢው ነባር ነዋሪ የአርሲ ኦሮሞ ሲሆን፣ በዚህ ሕዝብ ዘንድ ከሚታወቁት የገላ ላይ ምልክቶች ዋና ዋናዎቹ የሴቶች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ ቀነፋ ነው። ቀነፋ የወለደች ሴት ግንባሯ ላይ የምታስረውና ለተወሰኑ ወራት የምታቆየው ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ነው። እንጨቱ በራሱ የሚያብረቀርቅ ወይም ውድ ነገር አይደለም፤ ኃይሉን የሚያገኘው አርሲዎች «ወዩ» ከሚሉት ሐሳብ ነው። ወዩ የተከበረ፣ የማይደፈርና በክልከላ የተጠበቀ ሁኔታን የሚያመለክት ሲሆን፣ ለሰውም፣ ለዕቃም፣ ለቦታም፣ በሰዎች መካከል ላለ ግንኙነትም ይውላል። ኖርዌያዊቷ አንትሮፖሎጂስት ማሪት ቶሎ ኦስተቦ ይህን ሐሳብ ከሴቶች መብት ጋር አያይዛ አጥንታዋለች። ቀነፋ ያሰረች ሴት ወዩ ናት፤ ሊሰድባት ወይም ሊመታት የሚቃጣ ባል አንዲትን ሴት ብቻ ሳይሆን ሕግን እንደደፈረ ይቆጠራል። እናቶች በወገባቸው የሚታጠቁት ሀንፈላም ተመሳሳይ ክብር አለው። ስለዚህ ቀነፋ ያሰረችን ሴት የሚያይ መንገደኛ የሚያነበው የእርሷን የውበት ምርጫ አይደለም፤ የራሱን ግዴታ ነው።

ሁለተኛውና ይበልጥ የታወቀው ምልክት ሲንቄ ነው። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጥ ያለ ቀጭን በትር ሲሆን፣ ሙሽራይቱ ወደ ባሏ ቤት ይዛው ትገባለች፣ በትዳር ዘመኗም ሁሉ ትጠብቀዋለች። አንዲት ሴት በደል ሲደርስባት የመንደሩ ባለሲንቄዎች በጩኸት ተጠራርተው፣ የጀመሩትን ሥራ ትተው፣ በትራቸውን ይዘው በኅብረት ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪከፍልም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሲንቄ የያዘች ሴት በሁለት ጠበኞች መካከል ከቆመች ጠቡ መቆም አለበት። አቴቴ በሚባለው የሴቶች ሥርዓት ላይ በአንድነት የሚወጡትም ይህንኑ በትር ይዘው ነው። ሲንቄ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ከገባው የገዳ ሥርዓት ጋር አብሮ የሚነሣ የሴቶች ተቋም ሲሆን፣ ለዚህ ንግግር የሚጠቅመው ጠባዩ ግን ሊገዛ የማይችል መሆኑ ነው። ማንኛዋም ሴት ከጫካ ተመሳሳይ በትር ቆርጣ ልትይዝ ትችላለች፤ ነገር ግን በሠርግ ቀን ከእናት እጅ ያልተቀበለችው በትር እንጨት እንጂ ሲንቄ አይሆንም።

በዚህ ላይ የአርሲ ሴቶች የቀድሞ አለባበስ ይጨመራል፤ ለስላሳ እስኪሆን የተፋቀና ቅቤ የጠጣ ቆዳ፣ በላዩም የተሰፋ ዛጎልና የተደረደረ ጨሌ። ይህን ልብስ «ንጹሕ አገር በቀል» ብሎ ማሞገስ የተለመደ ቢሆንም አባባሉ ለሠሪዎቹ ጥበብ የሚገባውን አይሰጥም። ቆዳው ከደጋው ከብት ይገኛል፤ ዛጎሉ ግን የሕንድ ውቅያኖስ ፍሬ ነው፣ የመስታወት ጨሌውም በንግድ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት የባሕር ቅርፊትን ከቦታው አንሥታ በደጋ ቆዳ ላይ አዲስ ትርጉም ስትሰጠው፣ ሄብዲጅ በፓንኮች ዘንድ ያገኘውን ሥራ ከእነርሱ እጅግ ቀድማ ሠርታዋለች። ልዩነቱ ፓንኩ ትርጉሙን የሰጠው ከወላጆቹ ለመለየት ሲሆን፣ እርሷ የሰጠችው ከእናቷ ጋር ለመያያዝ መሆኑ ነው።

ከአርሲና ከባሌ የሙስሊሞች የጉብኝት ቦታ ወደሆነው ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙት ምእመናንም እንደ አንድ የስልት ቡድን ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀውን በትር የያዘ ሰው በየትኛውም መንደር ሲያልፍ መንገደኛነቱ በዚያው ይታወቃል፤ ውዳሴ እያዜሙ የሚዞሩትን ጋሪባዎች ደግሞ የሚያገኛቸው ሰው ሊያስተናግዳቸው ይገባል። እዚህም ምልክቱ ምርቃት ሰጪንና እንግዳ ተቀባይን የሚያስተሳስር እንጂ ለመታየት ብቻ የሚያዝ አይደለም።

ከዚህ በተቃራኒ ከተማ ምልክትን ከግዴታ የመለየት ችሎታ አለው። ኢብን ኻልዱን በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጻፈው መቅድም፣ ተሸናፊ ሕዝብ የአሸናፊውን ልብስና ዓርማ ለመምሰል እንደሚጓጓ አስተውሎ ነበር። ጀርመናዊው ጌዮርግ ዚመል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1904 ፋሽን ሁለት ተጻራሪ ፍላጎቶችን በአንድ ጊዜ እንደሚያረካ ገልጿል፤ ሰው በፋሽን ከሚፈልጋቸው ጋር ይመሳሰላል፣ ከማይፈልጋቸው ይለያል፤ የታችኛው መደብ ሲደርስበት የላይኛው ትቶት ወደ ሌላ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ይህ መመሳሰልና መለየት «አራዳ» እና «ፋራ» በሚሉ ሁለት ቃላት ሲነገር ቆይቷል። አራዳው በአነጋገሩ፣ በአረማመዱና በአለባበሱ ከተማን የሚያውቅ መሆኑን ያሳያል፤ ፋራው ትናንት ከገጠር የገባው፣ ብዙ ጊዜም ከትናንት በስቲያ የገባው አራዳ የሚስቅበት ነው።

የከተማው የአለባበስ ጠብ በግልጽ የፈነዳው መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ በተዘጋጀው የፋሽን ትርኢት ነው። ዘመኑ የአጭር ቀሚስ፣ የቤልቦተም ሱሪና የአፍሮ ጠጉር ዘመን ነበር። ሴት ተማሪዎች የተሳተፉበትን ይህን ትርኢት ብዙ ወንድ ተማሪዎች የባዕድ ባህል ማስፋፊያ አድርገው ስለቆጠሩት፣ ወደ አዳራሹ የሚገቡትን በስድብና በእንቁላል ተቀበሉ፤ ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ክስተቱ በተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ይጠቀሳል። ሆኖም ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው ሱሪና ኮት ለብሰው፣ በአውሮፓ ቋንቋ የተጻፈ ርዕዮተ ዓለም ይዘው፣ የባዕድነትን ዕዳ በሴቶቹ ቀሚስ ላይ ብቻ መጣላቸው በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስልም። የአገር ባህል ጠባቂነት ሸክም በሴት ገላ ላይ ሲጫን የታየው በዚያ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም፤ በአርሲ ግን ያው ሸክም ቢያንስ የማይደፈር መብት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ለስድስት ኪሎ ሴት ተማሪዎች የደረሳቸው እንቁላል ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ ያው ትውልድ ሌላ ልብስ ለበሰ። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በካኪ የደንብ ልብስ ወደ ገጠር አሠማራ። ስልትን ከምርጫ ነጥቆ ለመንግሥት የሰጠ ዘመን ስለነበር፣ ስለ እርሱ ብዙ ማለት ወደ ሌላ ርዕስ ይወስዳል።

በአርሲ ደጋ የምልክትና የመብት ጉዳይ በአዲስ መልክ የተነሣው በሩጫ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲያሸንፍ የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ዘንድ የኢትዮጵያ መለያ ሆነ። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማውና ያለ ጫማ መሮጥ የለመደው ስለነበረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ጫማ ተጫምቶ እንደገና ሲያሸንፍም ባዶው እግር ከዓለም ዓይን አልጠፋም። አንድ ጊዜ በምስል የተያዘ ስልት ባለቤቱ ቢተወውም የራሱን ዕድሜ እንደሚኖር የሚያሳይ ቀደምት ምሳሌ ነው። በ1984 ዓ.ም. የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር፣ የበቆጂዋ ፋጡማ ሮባ በማራቶን አሸነፉ፤ ከእነርሱ በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያው ደጋ ተነሡ። ከእነዚህ ብዙዎቹን በልጅነታቸው ያሠለጠነው የበቆጂው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነው።

ከዚህ ታሪክ ጋር ቱታ የአሰላና የበቆጂ ወጣቶች መለያ ሆነ። ለማያውቅ ሰው ሁሉም ቱታ አንድ ነው፤ ለሚያውቅ ግን በጀርባው ላይ የተጻፈው ይነበባል። «ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቱታ ብሔራዊ ቡድንን፣ የመከላከያ፣ የኦሜድላ፣ የንግድ ባንክ ወይም የሙገር ሲሚንቶ ስም ያለበት ደግሞ ደመወዝ የሚከፍል ክለብን ያመለክታል፤ ስለዚህ ቱታው ስለ ለባሹ ደረጃና ስለ ገቢው ጭምር ይናገራል። በሌላ በኩል ከሳልባጅ ተራ የተገዛ፣ ቀለሙ የለቀቀና ለሌላ ሰው ቁመት የተሰፋ ቱታ ለብሶ የሚሮጥ ጀማሪ አለ፤ ልብሱ ገና ያላገኘውን ደረጃ ቀድሞ ይነግርለታል። እዚህ ላይ የአርሲ ደጋ ሁለቱን ዓለማት ያገናኛል። ቱታ እንደ ሲንቄ ከእናት እጅ አይገኝም፣ በገበያ ይሸጣል፤ ሆኖም ለባሹ የሚፈተንበት የሩጫ ሰዓት ስላለ ልብሱን ብቻ ይዞ ብዙ ርቀት መሄድ አይቻልም። በከተማ ካፌ ውስጥ ቱታ የሚለብስ ወጣትን ማንም ሰዓትህ ስንት ነው ብሎ አይጠይቀውም፤ በአሰላ ግን ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

በዚያው ሰፊ የአርሲ ምድር፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ጫፍ፣ ምልክትና ባለቤትነት የተጠላለፉባት ሻሸመኔ ትገኛለች። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያንን በመከላከል ጊዜ ለረዱ የጥቁር ዘር ወገኖች እ.ኤ.አ. በ1948 የሰጡት አምስት ጋሻ መሬት፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከጃማይካ የመጡ ራስ ተፈሪያን መኖሪያ ሆኗል፤ አካባቢውም ጃማይካ ሰፈር ይባላል። ራስ ተፈሪያን የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት በባርኔጣና በሹራብ፣ የናዝራዊነትን ስእለት በማይላጭና በማይበጠር ጠጉር ያሳያሉ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር የቆዩት አርበኞች ጎፈሬና የባሕታውያን ጠጉር በኢትዮጵያ ቀድሞ የታወቀ ነበር። ነገር ግን የአዲስ አበባና የአዋሳ ወጣት ጠጉሩን መግመድ የጀመረው አርበኛን ወይም ባሕታዊን አይቶ ሳይሆን፣ በ1997 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በትልቅ ኮንሰርት ልደቱ የተከበረለትን ቦብ ማርሌይን አይቶ ነው። ምልክቱ ከኢትዮጵያ በሐሳብ ወጥቶ፣ በካሪቢያን ትርጉም አግኝቶ፣ በካሴት ተመለሰ፤ ሲመለስም ስእለቱን ብዙ ጊዜ ከመንገድ ጥሎት ነበር። በሻሸመኔ ለራስ ተፈሪያኑ ሃይማኖት የሆነው ጠጉር ለጎረቤት ወጣት የጠጉር አሠራር ብቻ ሆኖ ሁለቱ በአንድ ጎዳና ይተላለፋሉ።

ኢንተርኔት የሠራው ይህን የቆየ መንገድ እጅግ ማፍጠን ነው፤ አንድ ነገር ግን በእርግጥ አዲስ ነው። ቀድሞ ቡድኑ ይቀድማል፣ ስም ይከተላል፤ ቲምብለር እ.ኤ.አ. በ2007፣ ኢንስታግራም በ2010 ከተመሠረቱ በኋላ ግን መልኩና ስሙ ቀድመው ተሠርተው ሰዎች በኋላ የሚሰበሰቡባቸው ስልቶች ተበራከቱ። ወጣቶች እነዚህን «ኤስቴቲክ» ይሏቸዋል። ከእነርሱ አንዱ «ኮቴጅኮር» የሚባለው ሲሆን፣ የከተማ ሰዎች አበባማ ቀሚስ ለብሰው፣ ዳቦአቸውን ራሳቸው ጋግረው፣ በዶሮና በአትክልት መካከል ሲኖሩ የሚታዩበት የገጠር ሕልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም በኮቪድ ምክንያት ቤቱ በተዘጋ ጊዜ እጅግ ተስፋፋ። ሕልሙ አዲስ አይደለም፤ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ከ1783 ጀምሮ በቬርሳይ ግቢ ውስጥ የገበሬ መንደር አስመስላ አሠርታ ነበር። ልዩነቱ ንግሥቲቱ መንደሩን ለመሥራት ግንበኛ ሲያስፈልጋት ዛሬ ስልክ ብቻ የሚበቃ መሆኑ ነው። ቲክቶክ ደግሞ ለተመልካቹ የሚያቀርበው የሚያውቃቸውን ሰዎች ሳይሆን ቀደም ሲል ዓይኑን ያሳረፈበትን የሚመስለውን ስለሆነ፣ ስልቱን የሚያየው ሰውና ስልቱ የተገኘበት መንደር መገናኘት አያስፈልጋቸውም።

የአርሲ ደጋና አዲስ አበባ በዚህ መስክ የሚታዩት በሁለት ወገን ነው። በአንድ ወገን የኦሮምኛ ሙዚቃ ቪዲዮዎች ፈረሱን፣ የስንዴ ማሳውንና ዛጎል የተሰፋበትን የቆዳ ልብስ በዩቲዩብ ለውጭ አገር ነዋሪውም ለከተማውም ወጣት አድርሰዋል። የኢሬቻ በዓል በመስከረም 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከበር ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ቀለማትና የኦዳ ዛፍ የታተመባቸው ልብሶች ከተማውን ሞልተውት ነበር፤ እነዚህ ልብሶች ዛሬ በቴሌግራም ገጾች ላይ በመጠንና በዋጋ ተዘርዝረው ይሸጣሉ፣ የጨሌው ድርድርም ሳይሰፋ በማተሚያ በጨርቁ ላይ ይወጣል። ይህን ርካሽነት ብሎ መናቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እጅ የሠራውን ቆዳ ለመግዛት አቅም የሌላት ተማሪ በበዓሏ ቀን ከሕዝቧ ጋር የምትቆምበትን ልብስ ማግኘቷ ቁም ነገር ነው፤ ዛጎልም በመጀመሪያ የመጣው በንግድ ነበር። በሌላ ወገን የ1960ዎቹ አዲስ አበባ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በተባለ የቤተሰብ ፎቶግራፎች መጽሐፍና በተመሳሳይ ገጾች አማካይነት የናፍቆት ዕቃ ሆኗል፤ በስድስት ኪሎ እንቁላል የተወረወረበት አጭር ቀሚስ ዛሬ የአገር ውበት ተብሎ ይደነቃል።

በሁለቱም ወገን ምልክቱ ይጓዛል፤ ግዴታው ግን አብሮት አይጓዝም። ለቪዲዮ ቀረጻ በተወዛዋዥ እጅ የተያዘ ሲንቄ ማንንም ከማንም አይገላግልም፣ የያዘችውንም በመንደሩ ጩኸት ተጠርታ እንድትወጣ አያስገድዳትም። ጠበኞች በሲንቄ ፊት የሚለያዩት የበትሩን ቅርጽ አይተው ሳይሆን፣ የያዘችውን ሴት፣ እናቷንና ሠርጓን የሚያውቅ ማኅበረሰብ በዙሪያቸው ስላለ ነው፤ ስክሪን ደግሞ የሚጎድለው ይኸው ማኅበረሰብ ነው።

ይህ መደምደሚያ ግን አንድ የሚያናጋው ነገር አለ። በቅርብ ዓመታት በኦሮሚያ በተካሄዱ ሰልፎች ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው አደባባይ ወጥተዋል፤ ፎቶግራፎቻቸውም በፌስቡክ ከአገር አልፈው በውጭ ወደሚኖሩት ደርሰዋል። እነዚያን ሴቶች በስም የማያውቅ፣ መንደራቸውንም ያልረገጠ ሰው በስልኩ ላይ አይቷቸው በደል እንደደረሰና ካሣ እንደሚጠየቅ ተረድቷል። በዚህ ጊዜ በትሩ የተጓዘው ከነትርጉሙ ነው፤ ምክንያቱም የያዙት ሴቶች በሠርጋቸው ቀን የተቀበሉት ሴቶች ነበሩ፣ የወጡትም ለቀረጻ ሳይሆን ለአቤቱታ ነበር።